ግድግዳችን የቆመበትን መሬት እንለካ

የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው «በመለኪያው ስንት ደረሰ?» የሚለው ነው። ይህ ቁጥር ግን ከመነሻው የወጣውን ጠቅላላ ኃይል የሚገልጽ እንጂ በገዳሪፍ፣ በገላባት ወይም በመተማ የቆመ ግድግዳ የደረሰበትን ግፊት የሚያሳይ አይደለም።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን የጦር ካሚዮን ነው። በኮረኮንች መንገድ በካሚዮኑ ላይ ተጠፍሮ የታሰረ ሣጥን የመኪናውን ነውጥ ሁሉ እንዳለ ይቀበላል፤ ረጅሙ የሬዲዮ አንቴና ግን በራሱ ስልት ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። የጡብና የድንጋይ ቤት፣ የሆስፒታል ጄኔሬተር፣ የመብራት ማከፋፈያ ሣጥን ግትር በመሆናቸው እንደ ታሰረው ሣጥን ከመሬቱ ጋር አብረው ይነቃነቃሉ። ስለዚህ ለእነርሱ የሚበጀው መሬቱ ፍጥነቱን ምን ያህል በድንገት እንደሚለውጥ የሚመዘግብ መሣሪያ ነው። ለውጡ የመሬት ስበትን አንድ አሥረኛ ቢያክል 2,000 ኪሎ የሚመዝን ጄኔሬተር በ200 ኪሎ ክብደት ያህል ወደ ጎን ይገፋል። የታሰረበት ብሎን ይህን መቻል አለመቻሉ የሚሰላው መጠኑ ሲታወቅ ብቻ ነው።

ፈጣኑ ንዝረት ከመነሻው በራቀ ቁጥር ቶሎ ይደክማል፤ ዝግተኛው ግን ሩቅ ይጓዛል። በመሆኑም በየካቲት 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ እንደ ደረሰው ያለ፣ ከገዳሪፍ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚነሣ መንቀጥቀጥ ለዚህ ከተማ ግትር ሕንፃ ዋናው ሥጋት አይደለም። የሚያሰጋው መካከለኛ ሆኖ ከቅርብ የሚነሣው ነው። የሱዳን ሜዳም ከዚህ ነፃ አለመሆኑን በሐምሌ 25 ቀን 1985 ዓ.ም. የካርቱምን ነዋሪ ያስደነገጠው፣ መጠኑ 5.5 ገደማ የነበረው መንቀጥቀጥ አስረድቷል።

«አካባቢያችን ከስምጥ ሸለቆ የራቀ ስለሆነ ወጪው ብክነት ነው» የሚሉ አይጠፉም። መራቁ እውነት ነው። ሆኖም የገዳሪፍ ጥቁር መረሬ በክረምት እያበጠ፣ በበጋ እየተሰነጠቀ ያለ አንዳች ነውጥ ግድግዳን የሚያፈርስ አፈር ነው። መሬት በተነቃነቀ ማግሥት ስንጥቁ የአፈሩ ይሁን የንዝረቱ፣ ሕሙማኑም ወደ ሕንፃው ይመለሱ ወይስ ውጭ ይደሩ ለመወሰን መዝገብ ያስፈልጋል። አንድ መሣሪያ በዓለት፣ ሌላው በመረሬው ላይ ቢተከል አፈሩ ንዝረቱን ምን ያህል እንደሚያጎላው ይታወቃል።

እንግዲህ በድንበሩ ግራና ቀኝ የሚገኙ የሥራ ኃላፊዎች ከየሆስፒታሉ ቢጀምሩ መልካም ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ መሣሪያው እስኪመጣ ድረስም ጄኔሬተሩን ከመሠረቱ፣ የመድኃኒት መደርደሪያውን ከግድግዳው አጥብቆ ማሰር የአንድ ቀን ሥራ ስለሆነ ለነገ ሊባል አይገባውም።