ከእንስራ ወደ መጽሐፍ

የአንድ ሊቅ ድካም የሚመዘነው በጽሑፎቹ ብዛት ብቻ ሳይሆን ለሕዝብ በሚተርፈው ጥቅም ነው፡፡ በካርቱም ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፋኩልቲ ያስተማሩት ፕሮፌሰር ሐሚድ ዲራር ለዚህ ምስክር ናቸው፡፡

በዳርፉር ሴቶች የአንድ ዱር በቀል ተክል ቅጠል ወቅጠው በእንስራ ይከታሉ፤ በማሽላ ቅጠል ሸፍነው፣ አፉን በጭቃ መርገው፣ እንስራውን በመሬት ይቀብራሉ፡፡ በየሦስት ቀኑ እያገላበጡ ሁለት ሳምንት ያህል ካብላሉት በኋላ አድቦልቡለው በፀሐይ ያደርቁታል፡፡ ካዋል የሚባለው ይህ ምግብ ሥጋ ላጣ ቤት የሥጋ ምትክ ነው፡፡ ሽታው ስለሚከረፋ የድሃ መብል ተብሎ ሲናቅ፣ ሊቁ መርምረው እ.ኤ.አ. በ1984 ጥናቱን አወጡ፡፡ በ1993ም ስለ ሱዳን የተብላሉ ባህላዊ ምግቦች ሰፊ መጽሐፍ አሳተሙ፤ የእንጀራችን ዘመድ ኪስራም በዚያ ተመዝግቦአል፡፡

በቃል ብቻ የሚኖር ሙያ ባለቤቱ ሲሰደድ አብሮ ይሰደዳል፡፡ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ብዙ ቤተሰብ ምድጃውን ትቶ ወጣ፤ የተጻፈው ግን በየአገሩ ቤተ መጻሕፍት ቀርቶአል፡፡

ስለዚህ ሹማምንት ለምርመራና ለኅትመት ገንዘብ ይመድቡ፤ ነጋዴዎችም የእናቶችን ሙያ ለገበያ ሲያወጡ የባለሙያዎቹን ድርሻ አይንፈጉ፡፡ የእኛም ጓዳ ጸሓፊውን ይጠብቃል፡፡