የሕግ ፍሬ በሹም ይታወቃል

ሕግ ማውጣትና ሕግን በሥራ ላይ ማዋል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። መልካም ሕግ በማይገባው ሹም እጅ ሲወድቅ ይደርቃል፤ ጉድለት ያለበትም ሕግ በቅን ሹም እጅ ሲገባ ፍሬ ይሰጣል። በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ለመድኃኒት የሚሆነውን ካናቢስ ለመቆጣጠር በተቋቋሙት ኮሚሲዮኖች አባሎች ሹመት ላይ በቅርብ ዓመታት የደረሰው ሁሉ ለዚህ ነገር በቂ ምስክር ነው።

ሐሺሽ እየተባለ የሚጠራው ይህ ዕፅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. በወጣው የማዕከላዊ መንግሥት ሕግ እጅግ ከተከለከሉት ዕፆች ጋራ ተመዘገበ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው።) ነገር ግን በዚያ አገር እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ሕግ የማውጣት ሥልጣን ስላለው፣ የካሊፎርኒያ ሕዝብ በ1996 ዓ.ም. በድምፁ ወስኖ ለሕመምተኞች ፈቀደው፤ ሌሎችም ግዛቶች በየጊዜው ይህንኑ ተከተሉ። ፈቃዱ የተሰጠው ለጨዋታ ሳይሆን፣ የሚጥል በሽታ ለሚያሠቃያቸው፣ የነቀርሳ ሕመም እንቅልፍ ለነሣቸውና ይህን ለመሰሉት ነው። ሆኖም ዕፁ አእምሮን የሚለውጥ፣ ንግዱም ብዙ ገንዘብ የሚያስገኝ ስለ ሆነ፣ ማን ያብቅል፣ ማን ይሽጥ፣ ለማንስ ይሰጥ የሚለውን የሚወስን ጠባቂ አስፈለገ። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የሚመለሰው ጠባቂው ማን ይሁን ወደሚለው ጥያቄ ነው።

የአላባማ ግዛት ሕግ በግንቦት ወር በ2021 ዓ.ም. በአገረ ገዥዋ በኬ አይቪ ፊርማ ጸና። ሕጉ በአንዲት የሕዝብ እንደራሴ ልጅ ስም የተሰየመ ሲሆን፣ ልጁ በጽኑ ሕመም የሞተ ነበር። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ብዙ ጥንቃቄ አድርገዋል፤ ዕፁ እንዳይጨስ፣ ከእንክብል፣ ከዘይት፣ ከቅባትና እነዚህን ከመሰሉት በቀር በሌላ መልክ እንዳይሸጥ ከልክለዋል። ኮሚሲዮኑም 14 አባሎች ያሉት ሆኖ ሐኪሞች፣ መድኃኒት ቀማሚና የእርሻ ሥራ አዋቂ እንዲገኙበት፣ የመሾሙም ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ ብቻ እንዳይሆን ለልዩ ልዩ ባለሥልጣኖች እንዲከፋፈል ወስነዋል። በወረቀት ላይ ሲታይ ከዚህ የተሻለ ዝግጅት አይገኝም ያሰኛል።

ሥራው ግን እንደ ዝግጅቱ አልሆነም። በጁን ወር በ2023 ዓ.ም. ኮሚሲዮኑ ለነጋዴዎች ፈቃድ መስጠቱን ካስታወቀ ከጥቂት ቀኖች በኋላ፣ የውጤቱ ድምር ስሕተት ተገኘበት ተብሎ ራሱ አገደው። በኦገስት ሁለተኛ መረጠ፤ ያም ፈረሰ። በዲሴምበር ሦስተኛ መረጠ፤ ይህም በፍርድ ቤት ተከራካሪ አላጣም። ፈቃድ የተነፈጉት ነጋዴዎች ጉባኤው በዝግ ቤት ተመካክሯል ብለው ከሰሱ። ሊቀ መንበሩም፣ እርሱ የነቀርሳ ሐኪም የነበረ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የበላይ ጠባቂዎች ጉባኤ ውስጥም አባል ነህና ሁለት ሹመት መያዝ አይገባህም ተብሎ ክስ ስለ ቀረበበት በዚያው በኦገስት ወር ሥራውን ለቀቀ። የሰውየው ዕውቀት አልተነቀፈም፤ የተነቀፈው ሲሾም ሊመረመር ይገባ የነበረው ነገር ከተሾመ በኋላ መገኘቱ ነው። ሕጉ ከወጣ አራት ዓመት ሲሞላ፣ በ2025 ዓ.ም. አጋማሽ፣ ሕጉ የታሰበላቸው ሕመምተኞች በዚያች ግዛት መድኃኒቱን የሚገዙበት አንድ ሱቅ እንኳ አልተከፈተም ነበር። ነጋዴ በነጋዴ ላይ ሲከራከር ሕመምተኛው በደጅ ቆሞ ቀረ ማለት ነው።

በነብራስካ ግዛት የደረሰው ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። በኖቬምበር ወር በ2024 ዓ.ም. ሕዝቡ ሁለት ሕጎችን በድምፁ አጸደቀ፤ ሕመምተኛ በሐኪም ምክር ዕፁን እንዲይዝ የሚፈቅደውን ከመቶ 71 የሚሆነው፣ ተቆጣጣሪ ኮሚሲዮን የሚያቆመውን ከመቶ 67 የሚሆነው ድምፅ ሰጪ ደገፈው። ሕጉ በመጠጥ ቁጥጥር ኮሚሲዮን ያሉት ሦስት ሰዎች የዚህም አባል እንዲሆኑ፣ አገረ ገዥውም እስከ ሁለት ሰው እንዲጨምር አዘዘ። አገረ ገዥው ጂም ፒለን በ2025 ዓ.ም. አንዲት የማደንዘዣ ሐኪምና አንዲት ሱስን የመከላከል ሠራተኛ መረጠ፤ ሁለቱም ቀድሞ ዕፁ እንዳይፈቀድ በአደባባይ የተከራከሩ ነበሩ። ምክር ቤቱም ሹመታቸውን አጸደቀው። ከዚያ በኋላ ኮሚሲዮኑ ያወጣው ደንብ አብቃዮቹ ከአራት እንዳይበልጡ፣ ዕፁም እንዳይጨስ የሚወስን ጠባብ ደንብ ሆነ። ለሕጉ የደከሙት ሰዎች፣ በድምፃችን ያሸነፍነው በሹመት ተወሰደብን ብለው አዘኑ።

የአገረ ገዥው ደጋፊዎች የሚሰጡት መልስ ሊናቅ አይገባውም። የዕፁን ጉዳት የሚያውቅ ሰው ከማያውቀው ይልቅ ይጠነቀቃል፤ የልጆችንም ጤና የሚጠብቅ እርሱ ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ፍርሃት ለጠባቂ ያስፈልገዋል። ነገር ግን በር ጠባቂ የሚቆመው የማይገባውን ለመከልከል ብቻ ሳይሆን የሚገባውንም ለማስገባት ነው። ሕጉን አስቀድሞ የተቃወመ ሰው ቢሾም ነውር የለበትም፤ ሹመቱን ከተቀበለ በኋላ ግን የተቀበለው የገዛ አሳቡን ሳይሆን የሕዝቡን ሕግ ለመፈጸም መሆኑን ሊያስታውስ ይገባዋል። ይህን ማድረግ የማይቻለው ከሆነ፣ ሹመቱን አልፈልግም ማለት ትልቅ ክብር ነው።

እንግዲህ ሁለቱ ግዛቶች ሲነጻጸሩ፣ በአላባማ ሹመቱ ሳይመረመር በመሰጠቱና ምርጫው በግልጽ አልተካሄደም በመባሉ፣ በነብራስካ ደግሞ ተሿሚዎቹ ከሕጉ አሳብ ጋራ ባለመስማማታቸው የተነሣ፣ ሕዝቡ በኮሚሲዮኖቹ ላይ ያለው እምነት ጎደለ። የሙሴ አማት ዮቶር ለሙሴ በመከረው ጊዜ፣ የሕዝብ አለቃ የሚሆን ሰው ዐዋቂነት ብቻ አይበቃውም፤ እውነተኛና የግፍን ረብ የሚጠላ ይሁን ማለቱ ስለዚህ ነው። በአገራችንም ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት ስንቱን ሹም እንዳሳተ የሚያውቅ ያውቀዋል። ገንዘብ በሚበዛበት ሥራ ላይ የሚሾም ሰው ይህን ተረት ከልቡ የፋቀ መሆን አለበት።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለካናቢስ ብቻ አይደለም፤ ለመድኃኒት፣ ለመሬት፣ ለንግድ ፈቃድ ጠባቂ ለሚሾምበት ሥራ ሁሉ ይሆናል። አስቀድሞ ተሿሚው ሌላ ሹመትና ጥቅም እንዳለው ይመርመር፤ ቀጥሎ ሕጉን እንደ ቃሉ ለመፈጸም ፈቃደኛ መሆኑ በግልጽ ይጠየቅ፤ በመጨረሻም የሚያደርገው ምርጫ ምክንያቱ ተጽፎ ለሕዝብ ይታይ። ይህ ሁሉ ጊዜ የሚወስድ ቢመስልም፣ ከሹመት በፊት የሚጠፋው አንድ ወር ከሹመት በኋላ በፍርድ ቤት ከሚጠፋው አራት ዓመት ይሻላል። ደብዳቤውን የሚፈርም ባለሥልጣንም ብዕሩን ባነሣ ጊዜ፣ ከደጅ ቆሞ መድኃኒቱን የሚጠብቀውን ሕመምተኛ ቢያስብ አይሳሳትም።