አራሷን ማን ይጠብቃት?



ባለፈው ወር እኛ የዚህ አምድ አዘጋጆች ሁለት ሆነን አንዲት አራስ እህት ለመጠየቅ አዲስ አበባ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ኮንዶሚኒየም ሄደን ነበር። ቤቷ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስንደርስ ሳሎኑ በጠያቂ ተሞልቷል፤ ቄጠማው ተጎዝጉዟል፤ ዕጣኑ ይጨሳል። ገቢው ሁሉ «እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ» እያለ ይቀመጣል። ቡናውን የምታፈላው ግን ራሷ አራሷ ነበረች። ከወለደች ስድስተኛ ቀኗ ነው። እናቷ ደሴ ናቸው፤ ሕመም ስላለባቸው መምጣት አልቻሉም። ባለቤቷ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ሕጉ የሚሰጠውን የ3 ቀን ፈቃድ ጨርሶ ወደ ሥራው ተመልሷል።

ሲኒውን ስታቀብለን እጇ እጃችንን ነካ፤ ይፋጃል። «ምች ነው፤ ዳማከሴ ጨምቃችሁ ስጧት» አሉ ጥግ የተቀመጡ አንዲት እናት። ወደ ጓዳ ይዘናት ገብተን ስንጠይቃት ከሦስት ቀን ጀምሮ ታችኛው ሆዷን እንደሚያማት፣ የሚፈሳትም ደም ጠረኑ እንደተለወጠ በሐፍረት ነገረችን። ያን ዕለት ማታ በታክሲ ጤና ጣቢያ አደረስናት። የማሕፀን ኢንፌክሽን ነበር። መድኃኒቱ በጊዜው ተጀመረላት፤ አልሐምዱሊላህ ዛሬ ደኅና ናት።

እኛን ያሳሰበን በሽታው ብቻ አይደለም። በዚያ ሳሎን ውስጥ ቢያንስ ዐሥራ ሁለት ሴቶች ነበርን። አብዛኞቻችን ወልደናል። ሕፃኑን ሁላችንም አቅፈን «ማሻአላህ» ብለናል። እናቱን ግን እጇ እስኪነካን ድረስ እኛም ብንሆን «አንቺስ እንዴት ነሽ? ደምሽስ?» አላልናትም።

በአገራችን ልማድ አራስ ብቻዋን አትተውም። የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት ብዙ ጊዜ ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች፤ ወይም እናቷ ይመጡላታል። ጎረቤት ገንፎና አጥሚት ያመጣል፤ በጉራጌና በስልጤ አካባቢ የቡላው ገንፎ በቅቤ ይቀርብላታል፤ ልጃገረዶች ውኃ ይቀዱላታል። ከትራሷ ሥር ቢላዋ የሚያኖሩም ነበሩ። ይህ በዲናችን መሠረት የሌለው ነገር ነው። ሆኖም ቢላዋውን ያኖሩት ሴቶች ሌሊቱን አጠገቧ ያድሩ ስለነበር፣ እርሷን የጠበቋት በአላህ ፈቃድ እነርሱ እንጂ ብረቱ አልነበረም። ዛሬ በከተማ ቢላዋውም ቀርቷል፤ ሴቶቹም የሉም። የቀረው ጥየቃው ብቻ ነው፤ እርሱም አራሷን ቡና አፍዪ የሚያደርጋት ሆኗል።

እንግዲህ የእናቷን ቦታ ማን ይያዝ? እኛ ሳናመነታ «ባል» እንላለን። «ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው» የሚሉ ወንድሞቻችን የአል-በቀራ ምዕራፍን 233ኛ አንቀጽ ደግመው ያንብቡ። አላህ (ሱ.ወ) ስለ ጡት ማጥባት በተናገረበት በዚያው አንቀጽ የእናቲቱን ምግብና ልብስ በአባት ላይ ጥሏል፤ እናትም በልጇ ምክንያት እንዳትጎዳ ከልክሏል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ሲጠየቁ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር መመለሳቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል።

በታሪክ መጻሕፍት ስለ ዑመር (ረ.ዐ) የሚወሳውንም ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። ኸሊፋው በሌሊት ከመዲና ዳር ሲዘዋወሩ አንድ ድንኳን ያያሉ፤ ከውስጡ የሴት ማቃሰት ይሰማል፤ ደጃፉ ላይ አንድ የገጠር ሰው ተቀምጧል። ሚስቱ ምጥ ላይ ናት፤ አጠገቧ አንዲትም ሴት የለችም። ዑመር ወደ ቤታቸው ተመልሰው ባለቤታቸውን ኡሙ ኩልሡምን ይቀሰቅሳሉ። እርሷ ለወሊድ የሚያስፈልገውን ጨርቅና ቅባት ትይዛለች፤ እርሳቸው ዱቄቱንና ስቡን ተሸክመው አብረው ይሄዳሉ። እርሷ ወደ ውስጥ ስትገባ የሙእሚኖች መሪ ደጅ ላይ እሳት አንድደው፣ ጢስ በጢማቸው መካከል እየወጣ ምግቡን ያበስላሉ። ሕፃኑ ተወልዶ ኡሙ ኩልሡም «የሙእሚኖች መሪ ሆይ!» ብላ ስትጣራ ነው ሰውየው ከማን ጋር እሳት ሲያነድ እንደቆየ ያወቀው። ድስቱም በቅድሚያ የገባው ለወላዷ ነው። ከዚህ በኋላ ገንፎ ማገንፋት ከወንድነት ያጎድላል የሚለን ወንድም ካለ፣ ወንድነቱን ከዑመር ጋር ያስተያይ።

የባል ሥራ የሚጀምረው ግን በእርግዝናው ጊዜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ ነፍሰ ጡር እናት ቢያንስ 8 ጊዜ በጤና ባለሙያ እንድትታይ ይመክራል። ባል አብሯት ሄዶ ይስማ። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ደም መፍሰስ ወይም ያለ ጊዜው የፈሰሰ የሽርት ውኃ ሲያጋጥም ለነገ አይባልም። የመኪናውን ገንዘብ አስቀድሞ መያዝ፣ ቢያስፈልግ ደም የሚሰጥ ዘመድ ማሰብ የእርሱ ድርሻ ነው። ከጤና ጣቢያ ርቀው የሚኖሩ፣ በብዙ ገጠር የእናቶች ማቆያ ቤት መኖሩን ይጠይቁ፤ እናቲቱ ቀኗ ሲቃረብ ገብታ ትቆይበታለች።

«ወንድ ሐኪም እንዳያያት» ብለው ሚስታቸውን ቤት የሚያስቀሩ አሉ። ሴት አዋላጅ መፈለግ ተገቢ ነው፤ ለዚህም ነው አስቀድሞ መጠየቅ የሚያስፈልገው። ሴት ባለሙያ ከታጣች ግን ዑለማዎቻችን በችግር ጊዜ ወንድ ሐኪም እንዲያክም ፈቅደዋል። በወሊድ የሞተች ሙስሊም ሴት የሸሂድ ደረጃ እንዳላት በሐዲስ መምጣቱም ለቤተሰቧ መጽናኛ ነው። ሐኪም ቤት ሳይወስዷት ለቀሩ ሰዎች ማመካኛ አይሆንም።

ከወሊድ በኋላ እጅግ አስፈሪው ደም ነው። በዓለም ላይ እናቶችን በወሊድ ምክንያት ከሚገድሉት ዋነኛው እርሱ ነው፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት። ስለዚህ ጤና ተቋም የወለደች እናት ቢያንስ 24 ሰዓት እዚያው ትቆይ፤ ጠያቂ ቤት እየጠበቀ ነው ተብሎ አትቻኮል። ከዚያም በ2ኛውና በ3ኛው ቀን መካከል፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ በ6ኛው ሳምንትም እንደገና ትታይ። አንድ ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያርስ ደም፣ ትኩሳት፣ ጠረኑ የተለወጠ ፈሳሽ፣ የሚያንቀጠቅጥ ሕመም፣ የአንድ እግር እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ እነዚህ ምች አይደሉም። ለሕፃኑም እንገሩን በመጀመሪያው ሰዓት ያጥቡት፤ ቅቤ ማዋጡ ይቅር።

ስለ ልቧም እንናገር። በመርየም ምዕራፍ ውስጥ መርየም (ዐ.ሰ) ምጥ ወደ ተምር ግንድ ሲያስጠጋት ከዚህ በፊት በሞትኩ ኖሮ ብላ እንደተመኘች ተነግሮናል። ለዚህ ቃሏ ቁጣ አልመጣባትም፤ እንዳታዝን ተነገራት፤ ከበታቿ ውኃ፣ ከበላይዋ እሸት ተምር ተሰጣት፤ ብይ፣ ጠጪ፣ ተደሰቺ ተባለች። በእኛ ቤት ግን አራስ ስታለቅስ «ልጅ ተሰጥቶሽ? ኒዕማ መካድ ነው» እንላታለን፤ ወይም ጅን ነካት እንላለን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ መባስ በብዙ እናቶች ላይ የሚታይና የሚያልፍ ነው። ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ እንቅልፍ ካጣች፣ ሕፃኑን መያዝ ካስጠላት፣ ስለ ሞት ከተናገረች ሕመም ነው፤ ሕክምናም አለው። ቁርኣን ይቀራላት፤ ሐኪምም ይያት። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

በደብዳቤ ደጋግማችሁ የምትጠይቁን አንድ ነገር አለ፤ ደሟ በ20ኛው ቀን የቆመላት እናት 40ውን ቀን መጠበቅ አለባት? የለባትም። አርባው ቀን በብዙኃኑ ዑለማዎች ዘንድ የኒፋስ የመጨረሻ ወሰን ነው፤ ደሙ ቀድሞ ከቆመ ታጥባ ትሰግዳለች። ነገር ግን እዚህ ላይ በየቤቱ የምናየው ስሕተት አለ። አራሷ ሶላት በጀመረች ማግስት «ደኅና ሆነሻል ማለት ነው» ተብላ ወደ ጀሪካኑና ወደ ልብስ እጥበቱ ትመለሳለች። የሚያጥበው ደም ቆሟል እንጂ የሰውነቷ ቁስል ገና አልጠገገም። ትጥበት ለሶላት ነው፤ ለጀሪካን አይደለም። የምታጠባ እናት ረመዷን ቢገጥማትና ለራሷ ወይም ለልጇ ብትፈራ እንኳ የማፍጠር ፈቃድ ተሰጥቷታል፤ ታዲያ የቤት ሥራ ከፆም በልጦ ነው?

እርግጥ ነው፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ሲሰጥ፣ ለአባት የሚሰጠው 3 ቀን ነው። ትንሽ ነው። የዓመት ፈቃዱን ለዚህ ቀን አስቀምጦ የሚቆይ ባል አስተዋይ ነው።

ያቺን እህት ባለፈው ሳምንት ደግመን ጠይቀናት ነበር። የሕንፃው ነዋሪ ሴቶች ቀን ተከፋፍለዋል፤ አንዷ ምሳ ታመጣለች፣ አንዷ ልብስ ታጥባለች፣ አንዷ ሕፃኑን ይዛ እናቱን ታስተኛለች። ባልየው ከሥራ ሲመለስ ምድጃው የእርሱ ነው። የመጀመሪያው ገንፎ ጓጉሎ ነበር አለችን እየሳቀች። በልታዋለች።

በሚቀጥለው እትም ስለ ዐቂቃ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ይዘን እንቀርባለን፤ ኢንሻአላህ።