የማይሸጡትን ይልቀቁት!

የድሮ የጀብዱ ጌም በብሮውዘር ከፍቶ የሚጫወተውን ሰው «ልጅነቱ ናፍቆት ነው» ብሎ መሳቅ ቀላል ነው። ሊሳቅበት የሚገባው ግን ሌላ ነው።

ቁጥሩን እንይ። የቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡ ጌሞች 87 በመቶዎቹ ገበያ ላይ የሉም። ገንዘብ ይዘህ ብትሄድም የሚሸጥልህ የለም። ኢንተርኔት አርካይቭ ግን ከ2015 ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ የዶስ ጌሞችን ማንም በብሮውዘሩ እንዲከፍታቸው አድርጓል። ለዚህ ምስጋና ሲገባው፣ ባለመብቶች «ስርቆት» ይሉታል። አልበላም አላስበላም ማለት ይኸው ነው።

በ2024 ቤተ መጻሕፍት ከገበያ የወጡ ጌሞችን ለተመራማሪዎች በርቀት ይክፈቱ ተብሎ የቀረበውን ጥያቄ የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ ውድቅ አደረገው። አንዱ ስጋት «ሰዎች ለመዝናኛ ይጫወቱባቸዋል» የሚል ነበር። ልብ ወለድ የሚዋስን አንባቢ «ለምርምር ነው ወይስ ለመዝናናት?» ብሎ የሚመልስ ቤተ መጻሕፍት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሌላ መንገድ አለ። ማይክሮሶፍት በ2025 የ«ዞርክ»ን ሦስት ክፍሎች ኮድ ለሕዝብ ክፍት አደረገ። ዞርክ በ1977 በኤምአይቲ የተጀመረ፣ ተጫዋቹ ትእዛዝ እየጻፈ ዋሻ ለዋሻ የሚጓዝበት ጌም ነው። ሰማይ አልተደፋበትም።

ባለመብቶች ሆይ፣ ወይ ሽጡት፣ ወይ ልቀቁት። ሁለቱንም ካላደረጋችሁ፣ እናንተ የቀበራችሁትን ቆፍሮ ያወጣውን ሌባ አትበሉት።