ከሻንጣ የወጣ ብልቃጥ

ከውጭ የመጣ ዘመድ ሻንጣ ሲፈታ «ለእንቅርትሽ» ተብሎ የሚሰጥ ብልቃጥ አይጠፋም። በጉልህ የተጻፈው የንግድ ስሙ ነው፤ መታየት ያለበት ግን ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የሰፈረው የመድኃኒቱ ስም ነው። ዩታይሮክስም ሆነ ሲንትሮይድ ውስጣቸው ያው ሌቮታይሮክሲን ነው፤ የጎደለውን የታይሮይድ ሆርሞን ይተካል። ካርቢማዞል በአንጻሩ የበዛውን ይቀንሳል። ሁለቱንም «የታይሮይድ መድኃኒት» እያልን መጥራታችን ነው አደጋው! መጠኑም ያደናግራል፦ 100 ማይክሮግራምና 0.1 ሚሊግራም እኩል ናቸው። የምግብ ማሟያ ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ ባዮቲን የተባለው ቫይታሚን ካለበት የታይሮይድ የደም ምርመራን ሊያዛባ ይችላል። ክኒኑን በላስቲክ ቋጥሮ ብልቃጡን መጣል (ይህ ልማዳችን ነው) ለሐኪሙም እንቆቅልሽ መተው ነው። ፋርማሲዎቻችንም በትንሿ ፖስታ ላይ «ጠዋት 1» ብቻ ጽፈው አይሸኙን፤ የመድኃኒቱን ትክክለኛ ስምና መጠን ይጨምሩበት።