የጠመንጃ ድምፅ ቀናሽ አመራረጥና የጆሮ ጥበቃ

ዛሬ በዚህ ዐምድ የምናቀርበው ጕዳይ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን ከሩቅ አገር አንድ ዘመዳችን በጻፈልን ደብዳቤ ምክንያት ስለ ተነሣ፥ መልሱም የማንኛውንም ቤተ ሰብ ጆሮ የሚመለከት ሆኖ ስላገኘነው፥ ለእርሱ ብቻ መልሰን ዝም ማለትን አልወደድንም።

ይህ ዘመዳችን ኑሮውን በኖርዌይ ካደረገ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በዚያ አገር ዒላማ መተኰስ ሽማግሌውም ወጣቱም የሚሳተፍበት የታወቀ ስፖርት ነው፤ የበጎ ፈቃድ ተኳሾች ማኅበራቸውም የተቋቋመው በ1893 ዓ. ም. ነው። (ይህና ከዚህ በታች የምንጠቅሰው የውጭ አገር ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ብርዱ ሲበረታ በአዳራሽ ውስጥ በ15 ሜትር ርቀት ላይ በትንሿ ጥይት ይተኰሳል። ዘመዳችንም የ13 ዓመት ሴት ልጁን ይዞ ወደ ሠፈሩ ተኳሾች መሄድ ከጀመረ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። አሁንም ሁለት ነገር ይጠይቀናል። ፊተኛው፥ «ለጠመንጃዬ ክብደቱ ቀላል የሆነ ድምፅ ቀናሽ ልገዛ አስቤአለሁና የትኛውን ልምረጥ?» የሚል ነው። ሁለተኛው፥ «ዕቃው ከተገጠመ በኋላ ልጄ የሚከብዳትንና የሚያሞቃትን የጆሮ መከላከያ ብታወልቅ ምን ይጎዳታል?» የሚል ነው።

እኛ ራሳችን ተኳሾች አይደለንም። ቢሆንም ነገሩን አንብበንና ከሚያውቁት ሰዎች ጠይቀን የደረስንበትን እንደሚከተለው እንገልጣለን።

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። አንዳንድ ሰዎች ይህን ዕቃ «ድምፅ አጥፊ» ይሉታል፤ በሲኒማም የሚታየው እንደዚሁ ነው። ነገር ግን ዕቃው ድምፅን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ስለዚህ «ድምፅ ቀናሽ» ማለት እውነተኛው አጠራር ነው። አማርኛን የሚማሩ ባልደረቦቻችን «ማጥፋት» እና «መቀነስ» በሚሉት ሁለት ግሦች መካከል ያለውን ልዩነት እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ የዘመዳችን ስሕተት የተወለደው ከዚህ ልዩነት ነውና።

ዕቃውን የፈለሰፈው ሂራም ፐርሲ ማክሲም የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፥ የፈጠራ መብቱን የተቀበለው በ1909 ነው። አባቱ ሂራም ስቲቨንስ ማክሲም በ1884 በስሙ የሚጠራውን መትረየስ የሠራው ሰው ነው፤ እርሱም ከተኵሱ ብዛት የተነሣ ጆሮው ደክሞ ነበር። አባት ጯኺውን ሲሠራ ልጅ ዝግተኛውን መሥራቱ የሚያስገርም ነው። ልጁ ማክሲም የአውቶሞቢል ሞተር ድምፅንም ለመቀነስ ሠርቶአል፤ የሁለቱም ዘዴ አንድ ነው። በየጋራዡ «ማርሚታ» የምንለውን ዕቃ ያየ ሰው የጠመንጃውንም ለማስተዋል አይቸገርም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ምላጩ ሲሳብ ባሩዱ ተቃጥሎ ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙም አረሩን ገፍቶ ከአፈ ሙዝ ሲወጣ በድንገት ስለሚስፋፋ አየሩን ይመታዋል። እኛ የምንሰማው ፍንዳታ ይህ ነው። ድምፅ ቀናሹ በአፈ ሙዙ ላይ የሚጠመዘዝ ቱቦ ሲሆን፥ በውስጡ መካከላቸው የተበሳ ግርዶሾች በተራ ተደርድረውበታል። አረሩ በቀዳዳዎቹ መካከል ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ ጋዙ ግን በየክፍሉ እየተያዘ፥ እየዞረና እየበረደ ቀስ ብሎ ይወጣል።

ትንሿ ጥይት የምንላት ከ1887 ጀምሮ የምትታወቀው ባለ 5.6 ሚሊ ሜትር ጥይት ናት። የመቀጣጠያዋ ቅመም የሚገኘው በቀለኋ ታች መካከል ላይ ሳይሆን በከንፈሯ ዙሪያ ነው። አረርዋ 2.6 ግራም ያህል ስትመዝን ባሩድዋም እጅግ ጥቂት ነው። የጋዙ ኀይል አነስተኛ ስለ ሆነ ድምፅ ቀናሽዋን ከቀላል ማዕድን መሥራት ይቻላል። እንግዲህ ወደ አመራረጡ እንለፍ።

አንደኛ፥ ሕጉ ነው። በኖርዌይ ጠመንጃው ራሱ የፖሊስ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ድምፅ ቀናሹ ግን ያለ ልዩ ፈቃድ ሲሸጥ የቈየ ዕቃ ነው። በአሜሪካ በአንጻሩ ከ1934 ወዲህ በመንግሥት መዝገብ እንዲመዘገብ ሕግ ያዝዛል። የአንዱ አገር ሕግ በሌላው አገር አይሠራምና ገዢው አስቀድሞ ፖሊስን ይጠይቅ። በአገራችንም የጦር መሣሪያ ጕዳይ የሚተዳደረው በአዋጅ ቍጥር 1177/2012 ስለ ሆነ፥ ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ እንዲህ ያለውን ዕቃ እንደ መጫወቻ ቈጥሮ በሻንጣው ይዞ ሊገባ አይገባም።

ሁለተኛ፥ ክብደቱ ነው። ለትንሿ ጥይት የሚሠሩት ቀላሎቹ ከ70 እስከ 120 ግራም ያህል ይመዝናሉ፤ ሁለንተናው ብረት የሆነ ግን ከ200 ግራም ሊበልጥ ይችላል። ልዩነቱ ለሰሚ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በረዥም ዘንግ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ዕቃ ከመካከሉ ላይ ከታሰረው ይልቅ ክንድን እንደሚያደክም ሁሉ፥ በአፈ ሙዝ ላይ የተጨመረ ክብደትም እንዲሁ ነው። ይልቁንም ቆማ ለምትተኵስ የ13 ዓመት ልጅ ጥቂት ግራም ብዙ ነው።

ሦስተኛ፥ ማዕድኑ ነው። አንድ ኩብ ሴንቲ ሜትር አሉሚኒየም 2.7 ግራም፥ ቲታኒየም 4.5 ግራም፥ ብረት 7.8 ግራም ያህል ይመዝናል። አሉሚኒየም ቀላልና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ለስላሳ ስለ ሆነ ቶሎ ይበላል። ቲታኒየም ጠንካራ ነው፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ብረት ሁሉን ይችላል፤ ክብደቱ ግን ይበዛል። ለዒላማ ተኳሽ የሚስማማው መካከለኛው መንገድ፥ ቱቦው አሉሚኒየም ሆኖ የጋዙን የመጀመሪያ ምት የሚቀበለው ግርዶሽ ከማይዝግ ብረት ወይም ከቲታኒየም የተሠራ ሲሆን ነው።

አራተኛ፥ ማሰሪያው ነው። ድምፅ ቀናሹ እንደ ቡሎን በጥርስ ይታሰራል። በአውሮፓ የተለመደው ስፋቱ ግማሽ ኢንች ሆኖ በአንድ ኢንች ውስጥ 20 ጥርስ ያለው ነው፤ በአሜሪካ የተለመደው ደግሞ ስፋቱ ያው ሆኖ 28 ጥርስ ያለው ነው። በዐይን ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ አንዱን በሌላው ላይ በግድ የሚጠመዝዝ ሰው ግን ጥርሱን ያበላሻል፥ ቱቦውንም ያጣምማል። ቱቦው ከጠመመ አረሩ ግርዶሹን ይመታና ዕቃው ይሰበራል፤ አጠገቡ ያለውም ሰው ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ዘመዳችን ጠመንጃውን ለባለሙያ አሳይቶ ልኩን ያስለካ።

አምስተኛ፥ ጽዳቱ ነው። ትንሿ ጥይት አረርዋ ብዙ ጊዜ ልባስ የሌለው እርሳስ ነው፤ ላዩም በሰም ወይም በቅባት የተቀባ ነው። ስለዚህ ከሌሎች ጥይቶች ይልቅ ታቈሽሻለች። ጥቂት መቶ ጥይት ከተተኰሰ በኋላ በግርዶሾቹ ላይ እርሳስና ጥላሸት ይጋገራል፤ የቀላሉም ዕቃ ክብደት ሳይታወቅ ይጨምራል። እንግዲህ ተፈታትቶ የሚጸዳውን እንጂ የተዘጋውን አይግዛ። ሲያጸዳም ጓንት አጥልቆ፥ ከማድ ቤትና ከልጆች ርቆ ይሁን፤ የእርሳስ ብናኝ መርዝ ነውና። አንዳንዶች ኮምጣጤንና ፔሮክሳይድን ቀላቅለው ዕቃውን ይዘፈዝፉበታል። ይህ ድብልቅ እርሳሱን አሟምቶ በቀላሉ ወደ ሰውነት የሚገባ መርዝ ስለሚያደርገው ጨርሶ መቅረት አለበት።

ስድስተኛ፥ ጥይቱ ነው። አረሩ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ከሄደ በመንገዱ ሁሉ እንደ ጅራፍ ይጮኻል፤ ይህን ጩኸት ማንኛውም ድምፅ ቀናሽ ሊቀንሰው አይችልም፤ ከአፈ ሙዝ ርቆ በአየር ላይ የሚወለድ ነውና። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ይሄዳል። በዜሮ ዲግሪ 331፥ ከዜሮ በታች በ15 ዲግሪ ደግሞ 322 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ለዒላማ የሚሠራው ጥይት ብዙ ጊዜ በ325 ሜትር አካባቢ ስለሚሄድ፥ በበጋ ጸጥ ያለው በኖርዌይ ብርድ ሊጮኽ ይችላል። ስለዚህ ደጅ ለሚተኵስ ሰው ከዚያ የዘገየውን ጥይት መምረጥ ይሻላል።

ሰባተኛ፥ ዕቃው ከተገጠመ በኋላ አረሩ የሚያርፍበት ስፍራ ጥቂት ሊዛወር ስለሚችል ማነጣጠሪያው እንደ ገና ይስተካከል። ደግሞም የየውድድሩ ደንብ በአፈ ሙዝ ላይ የሚጨመረውን ዕቃ ሁሉ ስለማይፈቅድ፥ ልጅቱ ለውድድር የምትለማመድ ከሆነ ገንዘብ ሳይወጣ አሠልጣኝዋን ይጠይቁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ። የትንሿ ጥይት ጠመንጃ ድምፅ ከአፈ ሙዙ አጠገብ ሲለካ 140 ዴሲቤል ገደማ ነው። ደኅና ድምፅ ቀናሽና ዝግተኛ ጥይት ሲገናኙ ወደ 115 ወይም 120 ይወርዳል። ዴሲቤል እንደ ሜትር ወይም እንደ ኪሎ አይቈጠርም፤ 20 ዴሲቤል መውረድ ማለት የድምፁ ግፊት ዐሥር ጊዜ ማነስ ማለት ነው። ስለዚህ ዕቃው ትልቅ ጥቅም እንዳለው አያጠራጥርም። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ባወጣው መመሪያ ለድንገተኛ ድምፅ ያስቀመጠው ወሰን ለአዋቂ 140 ሲሆን ለልጅ 120 ነው። እንግዲህ ለአባት የበቃው ለልጅ አልበቃም፤ እርስዋ ከወሰኑ ጫፍ ላይ ቆማለች። በረድፉ ላይ ከአጠገብዋ የሚተኵሱትም ሰዎች ሁሉ ድምፅ ቀናሽ የላቸውም። በተዘጋ አዳራሽ ደግሞ ድምፅ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ይመላለሳል።

ይህን ስንጽፍ የአባታችን ወንድም ትዝ አሉን። ወታደር ነበሩ፤ በእርሳቸው ዘመን ስለ ጆሮ መከላከያ የሚያስብ አልነበረም። በጡረታቸው ዘመን ቡና በተፈላ ቍጥር ከመካከላችን ይቀመጡና ሰው ሲሥቅ ይሥቁ ነበር። ልጆች ከኋላቸው ሲጠሯቸው ግን ዘወር አይሉም ነበርና፥ እኛ ሕፃናቱ ኰርተውብናል ብለን እንቀየማቸው ነበር። እርሳቸው የሚሥቁት ጨዋታው ሳይሰማቸው የሰውን ፊት አይተው መሆኑን ያወቅነው ካደግን በኋላ ነው። በተኵስ የተጎዳ ጆሮ አስቀድሞ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ የሕፃናትን ድምፅ፥ እንደ «ስ»፥ «ፍ» እና «ት» ያሉትንም ፊደላት። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንድ ጊዜ ከሞቱ አይተኩም። ሌሊት ጭው የሚል ጆሮም ባለቤቱን እንቅልፍ ይነሣዋል።

አማርኛን የምትማሩ ባልደረቦቻችን ይህን ከማንም ይልቅ ታስተውሉታላችሁ። እኛም አፋችንን በትግርኛ ፈትተን አማርኛን በትምህርት ቤት ያገኘን ስለ ሆንን፥ ቋንቋ አስቀድሞ በጆሮ እንደሚገባ እናውቃለን። «ሰራ» እና «ጠራ»፥ «ተለቀ» እና «ጠለቀ» የሚለዩት በጆሮ ነው። ያች ልጅ በቤትዋ የአባትዋን ቋንቋ፥ በትምህርት ቤት የኖርዌይን ቋንቋ ትሰማለች። ሁለቱንም የምትሰማበት ጆሮዋ አንድ ጥንድ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለዘመዳችን እንዲህ ብለን መለስንለት። «ወንድማችን ሆይ፤ ቀላሉን፥ ተፈታትቶ የሚጸዳውንና ከጠመንጃህ ጥርስ ጋር የሚስማማውን ድምፅ ቀናሽ ግዛ። ነገር ግን የልጅህን የጆሮ መከላከያ አታስወልቅ። የከበዳት እንደ ሆነ ቀለል ያለና በልክዋ የተሠራ ሌላ ግዛላት፤ ዋጋው ከድምፅ ቀናሹ ዋጋ ያንሳል። አንተም ራስህ ከእርስዋ ፊት አድርግ፤ ልጅ የሚታዘዘው ከሰማው ይልቅ ያየውን ነውና።»

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የደረሰን መልስ አጭር ነበር። ድምፅ ቀናሹን ገና እያማረጠ እንደ ሆነ፥ የጆሮ መከላከያ ግን ለልጁ አንድ፥ ለራሱ አንድ አስቀድሞ እንደ ገዛ ጽፎልናል።