ቀነኒሳ ባላንጣ አልነበረውም?

በሊሙ ገነትም ሆነ በጅማ፣ ቡና ተፈልቶ ከሯጮቹ ከኃይሌና ከቀነኒሳ ማን ይበልጣል የሚለው ክርክር ከተነሳ መቋጫው አስቀድሞ ይታወቃል። አንዱ «ቀነኒሳ እኮ ባላንጣ አልነበረውም» ይላል፤ ሌሎቹም ዶሴው የተዘጋ ይመስል ዝም ይላሉ። ኃይሌን ኬንያዊው ፖል ቴርጋት ሲድኒ ላይ እስከ መጨረሻዋ እርምጃ አስጨንቆታል፣ መሐመድ አሊን ጆ ፍሬዘር በ1971 መሬት ላይ ዘርሮታል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ቀነኒሳ ግን ብቻውን ሮጦ ብቻውን አሸነፈ፣ ስለዚህ ከኃይሌ አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል ነው ነገሩ። ሁለቱም የአርሲ ልጆች ስለሆኑ የሊሙን ሰው ወገን የሚያስይዘው የትውልድ ቀዬ የለም። ፍርዱን ያጣመመው አድልዎ ሳይሆን ከቦክስ የተዋስነው መለኪያ ነው።

መለኪያው ለቦክስም ቢሆን ጎደሎ ነው። ጆ ሉዊስ ከ1937 እስከ 1949 የከባድ ሚዛን ዘውዱን 25 ጊዜ ሲያስከብር፣ ጋዜጠኞች ተጋጣሚዎቹን በየወሩ የሚቀርቡለት ደካሞች እያሉ ያሾፉ ነበር። ላሪ ሆልምስ 48 ጊዜ ተጋጥሞ 48ቱንም አሸንፏል፤ በ1985 በማይክል ስፒንክስ ሲረታ ግን ያ ሁሉ ድል ባንድ ሌሊት ረከሰበት። ያሸነፈ እንደሆነ ተጋጣሚው ደካማ፣ የተሸነፈ እንደሆነ እሱ ራሱ ደካማ፤ በዚህ ሕግ ማንም ታላቅ ሊሆን አይችልም። ቦክስ ወዳዱ ግን አንድ ማመካኛ አለው፦ የቡጢን ኃይል የሚለካ ሰዓት የለም፣ የሚታወቀው በተመታው ሰው ላይ ብቻ ነው። ሩጫ ግን ሰዓት አለው። ሯጭም እንደ ቡና ነው፦ የሊሙ የታጠበ ቡና ደረጃ የሚወጣለት በጥሬውና በቅምሻው እንጂ አጠገቡ በተቀመጠው የሌላ አገር ናሙና ማነስ ወይም መብለጥ አይደለም። ቀነኒሳ በ2004 ሄንግሎ ላይ 5 ሺህ ሜትርን በ12:37.35፣ በ2005 ብራስልስ ላይ 10 ሺህ ሜትርን በ26:17.53 ሮጠ። የመጀመሪያው ክብረ ወሰን 16፣ ሁለተኛው 15 ዓመት ቆየ። በ2020 ጆሹዋ ቼፕቴጌ ሁለቱንም የሰበረው ፍጥነት የሚያመላክት መብራት በመሙ ዳር እየበራለት፣ አዲስ ዓይነት ጫማም አጥልቆ ነው፤ ያም ሆኖ አንዱን ያሻሻለው በሁለት ሰከንድ፣ ሌላውን ከሰባት ባነሰ ሰከንድ ነው።

ደግሞስ «ባላንጣ አልነበረውም» የሚለው እውነት ነው? ነበረው፤ ያውም የገዛ አገሩ ልጅ። ስለሺ ስህን በ10 ሺህ ሜትር በ2004 አቴንስ፣ በ2005 ሄልሲንኪ፣ በ2007 ኦሳካ፣ በ2008 ቤጂንግ ሁለተኛ ወጣ። አራቱንም ጊዜ ከፊቱ የገባው አንድ ሰው ነው። ቀነኒሳ ባይኖር ስለሺ የሁለት ኦሊምፒክና የሁለት ዓለም ሻምፒዮና ባለወርቅ በሆነ፣ ዛሬ ከኃይሌ ጋር የምናከራክረውም የእሱን ስም በሆነ ነበር። ሄልሲንኪ ላይ ቀነኒሳ በ27:08.33፣ ስለሺ በ27:08.87 ገቡ፤ ከግማሽ ሰከንድ ብዙም አይበልጥም። ኦሳካ ላይማ ቀነኒሳ ደክሞት ወደ ኋላ ሲቀር፣ ስለሺም ቀድሞ ሲወጣ፣ ወርቁ እጅ የቀየረ መስሎ ነበር። በመጨረሻው ዙር ቀነኒሳ ደረሰበት፣ አለፈው፣ ሦስት ሰከንድ ያህል ጥሎትም ገባ። ቤጂንግ ላይ የመጨረሻዋን 400 ሜትር የሮጣት ከ53 ሰከንድ እምብዛም ባላለፈ ጊዜ ነው። ታዲያ ስለሺን ባላንጣ ብለን የማንቆጥረው ለምንድን ነው? ሁሌ ስለተሸነፈ እንዳይባል፣ ቴርጋትም በ10 ሺህ ሜትር በዓለም ሻምፒዮናና በኦሊምፒክ አምስት ጊዜ ከኃይሌ ጋር ሮጦ አምስቱንም ተሸንፏል። ልዩነቱ የማልያው ቀለም ነው። ኬንያዊ ሲከተለን ፉክክር እንለዋለን፤ ኢትዮጵያዊ ሲከተለን የቡድን ሥራ፣ አረንጓዴ ጎርፍ እንለዋለን። ስለሺ ያን ያህል የተዋደቀለት ወርቅ በእኛ ዘንድ የቤተ ዘመድ ጨዋታ ሆኖ ቀረ።

ሌሎቹንም ቢሆን እንይ። በ10 ሺህ ሜትር አቴንስ ላይ ሦስተኛ፣ በ2009 በርሊን ላይ ሁለተኛ የወጣው ኤርትራዊው ዘረሰናይ ታደሰ በግማሽ ማራቶን 58:23 ሮጦ ክብረ ወሰን ይዞ የነበረ ሰው ነው። ቤጂንግ ላይ በ5 ሺህ ሜትር ቀነኒሳን ተከትሎ የገባው ኤሉድ ኪፕቾጌ ነው፤ ኋላ የማራቶን ንጉሥ የሆነው ያው ኪፕቾጌ። ደካማ ትውልድ የሚባለው ይህ ነው?

ቀነኒሳ በ2003 ፓሪስ ላይ በኪፕቾጌ፣ በ2004 አቴንስ ላይ በኤል ጉዌሩዥ በ5 ሺህ ተሸንፏል የሚል ካለ፣ ባላንጣ ነበረው ማለቱ ስለሆነ ክርክሩን ራሱ ጨርሶታል። ኃይሌ በማራቶን ሁለት ጊዜ ክብረ ወሰን ሰብሯል፣ ቀነኒሳ አልሰበረም የሚለው እውነት ነው፤ ግን በ2019 በርሊን ላይ በ37 ዓመቱ 2:01:41 ሮጦ ክብረ ወሰኑ ያመለጠው በሁለት ሰከንድ ነው። ኃይሌ መንገድ ከፋች ነው የሚለውን ማንም አይክድም። መንገድ መክፈት ትልቅ ውለታ ነው፣ ፍጥነት ግን አይደለም።

ለእኔ በመምና በአገር አቋራጭ ከቀነኒሳ የሚበልጥ ሯጭ ዓለም አላየችም፣ የምታይም አይመስለኝም። ኃይሌ በአዋቂዎች የዓለም አገር አቋራጭ አንድም ጊዜ አላሸነፈም፤ ቀነኒሳ ከ2002 እስከ 2006 አምስት ዓመት በተከታታይ አጭሩንም ረጅሙንም ወስዷል። በ2005 ሴንት ጋልሚየር ላይ ሁለቱንም ያሸነፈው እጮኛው ካረፈች ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። በ2008 ኤድንብራ ላይ ጫማው ተረግጦ ወልቆበት፣ ቆሞ አጥልቆ፣ ሁሉንም ደርሶባቸው ስድስተኛውን የረጅም ርቀት ድል ጨመረ። አጭሩ ርቀት ከ2006 በኋላ ከዓለም አገር አቋራጭ ስለተሰረዘ፣ ያን የአምስት ዓመት ጥንድ ድል የሚደግምበት ውድድር እንኳ ዛሬ የለም።